ሰሊምን የገደልሁበት ከሰዓት

ቴሌቪዥንን እንደምንቅ አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ስትደርሱበት እንዳትታዘቡኝ። ንቀቴ የሰነፍ ንቀት አይደለም፤ በዲግሪ የተደገፈ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በሥነ ቃል ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፌም ቴሌቪዥን በአንድ ቤት በበር ሲገባ ተረት በየት በኩል እንደሚወጣ የሚመረምር ነበር። ገጹ ብዙ ነው። ስንት እንደነበር አሁን ትዝ አይለኝም፤ ከእኔና ከአማካሪዬ በቀር ያነበበው ሰው ስለሌለም የሚያስታውሰኝ የለም። አማካሪዬም ማንበቡን እጠራጠራለሁ።

ማስታወስን ካነሣሁ ይህንንም ልናዘዝ። የማስታውሰው ነገር ሁሉ እንደማስታውሰው ሆኖ ስለመፈጸሙ እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን ታሪክ ለእንግዳ ስናገር ባለቤቴ ከጓዳ ሆና "እንዲያ አይደለም!" ትላለች። ስለዚህ እየጻፍሁ ያለሁት እሷ ገበያ በወጣችበት ሰዓት ነው።

የምንኖረው መርሳ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በእትዬ ሐዋ ግቢ ተከራይተን ነው። እትዬ ሐዋ ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ሰይድን ለብቻቸው ያሳደጉ፣ ሲቆጡ ግቢውን፣ ሲመርቁ ሰፈሩን የሚያዳርሱ ሴት ናቸው። ሰይድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሲመለስ ለእናቱ አንድ ነገር ሳይዝ አይመጣም። ካመጣቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁና ክፉው ያ ቴሌቪዥን ነው። የግድግዳውን እኩሌታ ይዟል። እትዬ ሐዋ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ከላዩ ስላለበሱት ሙሽራ እንጂ ዕቃ አይመስልም።

በዚህ ሙሽራ ፊት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ግቢው በሙሉ ተኮልኩሎ የባሕር ማዶ ሰዎች በአማርኛ የሚላቀሱበትን አንድ ተከታታይ ድራማ ያይ ነበር። ርዕሱን አልጠራም፤ ብዕሬን አላረክስም። አፋቸው ከተዘጋ በኋላ ድምፃቸው ይቀጥላል። አንድ ሰው "እወድሻለሁ" ለማለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። በር በተከፈተ ቁጥር ቤት ያለው ሁሉ በየተራ አንገቱን ያዞራል፤ ዞሮ ሳያበቃ ክፍሉ ያልቃል። የዋናው ሰውዬ ስም ሰሊም ነው፤ የሚወዳት ነርሚን ትባላለች። ስማቸው የጎረቤት፣ ሥራቸው የሸይጣን መሆኑ እትዬ ሐዋን ክፉኛ ያበግናቸዋል። "ሰሊም ተብሎ መጠጥ! ያረቢ፣ ለእናቱ ማን በነገራት!" ይላሉ። ብለው ግን ከመቀመጫቸው ፈቀቅ አይሉም።

እኔ አላይም ነበር። ለቴሌቪዥኑ ጀርባዬን ሰጥቼ መጽሐፍ አነብባለሁ። ባለቤቴ "ገጹ ሲገለጥ አይቼ አላውቅም" የምትለው ለሐሜት ያህል ነው። ፊት ለፊቴ የቆመው የቡፌ መስታወት ቴሌቪዥኑን አጥርቶ ማሳየቱም የእኔ ጥፋት አይደለም።

ጦርነቱ ወደ እኛ በደረሰበት ምሽት ሰሊም ጠላቶቹ ፍሬኗን የበጠሱባትን መኪና እየነዳ ባሕር ላይ በተዘረጋ ረጅም ድልድይ ይከንፋል። ሙዚቃው ይጮኻል፤ እትዬ ሐዋም ከሙዚቃው በላይ "ማርሽ ቀንስ! አንተ ልጅ፣ ማርሽ ቀንስ!" ይላሉ፤ የሹፌር እናት ናቸውና። መኪናዋ የድልድዩን አጥር ስትነካ መብራት ጠፋ።

ለአንድ ምሽት መስሎን ነበር። ለወራት ጠፋ። ስልኩም ተከተለው። ባንክ ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ የሰውም አፍ ተዘጋ። ሰይድ በዚያው ዕለት ጠዋት ሽንኩርቱን ጭኖ ወጥቶ ነበር። ከሰዓት ላይ ደውሎ "ኮምቦልቻን አልፌያለሁ፣ እማ፣ አብሽሪ" ብሏል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። የት እንደደረሰ የሚያውቅ፣ አየሁት የሚል ሰው ከየትም አልመጣም።

ስለ ሰይድ ማውራት ማሟረት ሆነ። ስለዚህ ሰዉ ስለ ሰሊም ያወራ ጀመር። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥን ይጠፋል ብዬ በጽሑፌ አንድ ቦታ ላይ ጽፌ ከሆነ ተሳስቻለሁ፤ አይጠፋም፤ ከግድግዳው ወርዶ ወደ ሰው ራስ ይገባል። ጎረቤታችን አያ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ምላሳቸው ከስፌት መኪናቸው ይፈጥናል። ጨርቅ ስላልነበረ በዚያ ሰሞን የሚሠራው ምላሳቸው ብቻ ነበር።

"ዘሎ ወጥቷል እንጂ!" ይላሉ።

"በየት ወጥቶ? መስኮቱ ዝግ ነበር" ትላለች ባለቤቴ።

"ክራቫቱ ሲውለበለብ አላየሽም? በዝግ መስኮት ነፋስ ይገባል?"

አንድ ከሰዓት ይህን ሙግት ስሰማ ንቀቴ ገነፈለ። "ይህ እኮ ከመጽሐፍ የተወሰደ ተራ ታሪክ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንብቤዋለሁ" አልሁ። ወይም "ያነበብሁ ይመስለኛል" አልሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከመርሳ መካ ነው፤ የትኛውን እንዳልሁ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለ አንድ መኪናና ስለ አንድ ድልድይ የሚያወራ መጽሐፍ በእርግጥ አንብቤያለሁ። ድልድዩ ግን የባቡር ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ ሐዋ ቀስ ብለው ዞሩ፤ ልክ እንደ ድራማው።

"አንተ መምህር" አሉ፤ "መጨረሻውን እያወቅህ ነው ይህን ሁሉ ቀን የለጎምህ? ነገ ከአስር ሶላት በኋላ ትነግረናለህ።"

በማግስቱ ወደ እትዬ ሐዋ ቤት ስገባ ሰዉ እንደ ድሮው ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል፤ ሁሉም የሞተውን ቴሌቪዥን ያያል። እኔን ያቆሙኝ ከአጠገቡ ነው። ሥነ ቃልን ከሞት የማነሣበት ቀን የመጣ መሰለኝና ጉሮሮዬን ጠርጌ "ተረት ተረት!" አልሁ። የመለሰልኝ የለም። የቀበሮንና የአህያን ተረት እንደጀመርሁ አያ እንድሪስ እጃቸውን አወጡ።

"ተከታታይ ነው?"

"አይደለም፤ አንድ ነው፤ ያልቃል።"

"ዛሬውኑ? እንዲህማ ከሆነ ምን ያደርግልናል? ነገ ምን ልንሆን ነው?"

ቀበሮዋን ትቼ ወደ ድልድዩ ሄድሁ። "ሰሊም መሪውን እንደጨበጠ ያለፈ ሕይወቱን አሰበ" አልሁ።

"ማሰቡን በምን አወቅህ?" አለች ባለቤቴ።

"ተራኪው ያውቃል፤ የትረካ ሥልት ነው።"

"ቴሌቪዥን ላይ ሰው ሲያስብ ዝም ይልና ዘፈን ይመጣል።"

"ሀቂቃ! ዘፈኑ የታል?" አሉ አያ እንድሪስ። ዘፈን ስለሌለኝ እሳቸው ራሳቸው አንቺ ሆዬን በአፍንጫቸው ያዜሙልኝ ጀመር። ሰሊም ባሰበ ቁጥር ያዜማሉ፤ ዜማቸው እስኪያልቅ ሰሊምም እኔም ቆመን እንጠብቃለን። በየቀኑ ስጀምር "ባለፈው ክፍል" ማለት ግዴታዬ ሆነ። ነርሚን ወደ በሩ ስትዞር ሦስት ጊዜ ካላዞርኋት ተቃውሞ ይነሣል። አንድ ቀን መሐል ላይ ውሃ ልጠጣ ባቆም "ማስታወቂያ ገባ" ብለው ግማሾቹ ለሽንት ወጡ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ትረካዬ ከእኔ አልፎ በእግሩ ሄደ። ከሐራ ገበያ የመጡ ሰዎች እንደነገሩን በእነሱ ዘንድ ሰሊም ድልድዩን ተሻግሮ ሁለተኛ ሚስት አግብቷል። ይህ በሥነ ቃል ጥናት ውስጥ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ክስተት ነው፤ እኔን ግን አናደደኝ። እኔ ለሁለት ሳምንት መኪናዋን አጥሩ ላይ አንጠልጥዬ ስለፋ የሐራ ሰው በአንድ ገበያ ቀን ሰሊምን ድሮት ይውላል!

ከዚያም አንድ ታጣቂ በሩን ገፍቶ ገባ። ዕቃ ፈልጎ ይሁን ሰው ፈልጎ አላወቅንም። ሃያ የምንሆን ሰዎች ተደርድረን ስናይ ጠመንጃውን አስተካከለ።

"የምን ስብሰባ ነው?"

"የምን ስብሰባ አመጣህ፤ ድራማ እያየን ነው" አሉ እትዬ ሐዋ።

ቴሌቪዥኑን አየ፤ ጥቁር ነው። ሶኬቱን አየ፤ ተነቅሏል። "መብራት የለም እኮ!"

"መብራት ባይኖር አይደል መምህሩን ያቆምነው።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "ሰሊም ከድልድዩ ወረደ?" አለ።

"ገና ነው" አልሁ።

"ነርሚን ኪሱ የከተተችለትን ደብዳቤስ አነበበው?"

ደብዳቤውን ጨርሶ ረስቼው ነበር! ሰዉም እንደከዳሁት ሁሉ አፈጠጠብኝ። ሰውዬው ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሰሊምን ያን ዕለት እንደምንም ደብዳቤውን አስነበብሁት። ሰውዬው ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ "በጣም ታንዛዛለህ" አለኝ። በሕይወቴ ከደረሱብኝ ሂሶች ሁሉ በጠመንጃ የታጀበው እሱ ብቻ ነው።

ምናልባት ያቺ ቃል ናት ያበላሸችኝ። ወይም ርሃቡ፤ በዚያ ሰሞን ማሽላውም እየሳሳ ነበር። ወይም ወልድያ ያለችው እናቴ ናት፤ ወልድያ በመኪና ጥቂት መንገድ ናት፤ በዚያ ጊዜ ግን ወሬዋም አይደርሰንም። ብቻ አንድ ከሰዓት ቆሜ ያን ሁሉ ተደርድሮ የሚጠብቅ ፊት ሳይ ናቅሁት። አገር እየነደደ ስለ አንድ ሰካራም ክራቫት! ታላቅ ሥነ ጽሑፍ በሞት እንደሚደመደም አስታወስሁ። እጄን ወደ ላይ አነሣሁ፤ መኪናዋ አጥሩን ሰበረች። እጄን ወደ ታች ጣልሁ፤ ውሃው ተከፍቶ ተዘጋ።

"ሰሊም ሞተ። አለቀ" አልሁ።

"እንዴት አለቀ?" አሉ አያ እንድሪስ። "ነገስ?"

"ነገ የለም።"

እትዬ ሐዋ ተነሥተው የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ወደ ታች ስበው ፊቱን ሸፈኑትና ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ዝምታውን ለጥበቤ የተሰጠ አክብሮት አድርጌ ወሰድሁት። ያን ዕለት ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ።

ጎሕ ሲቀድ የቤቴ በር ተንኳኳ።

እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ሽማግሌ በጎሕ በር ካንኳኳ ለአንድ ነገር ነው፤ ለመርዶ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ የሰፈሩ ታላቅ ሸህ ይማም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ካሳና አያ እንድሪስ። እናቴ ናት አልሁ በልቤ።

ገብተው ተቀመጡ። ማንም ቶሎ አልተናገረም፤ እሱም የመርዶ ወግ ነው።

"መምህር፣ አንተ የተማርህ ሰው ነህ" አሉ ሸህ ይማም።

"እናቴ ናት?" አልሁ።

"የሰው ልጅ ነገር እንግዲህ ይኸው ነው" አሉ ጋሽ ካሳ እየተከዙ።

"በእግዜር ንገሩኝ! እናቴ ናት?" እንባዬ ወረደ። ባለቤቴም ነጠላዋን አገልድማ "ወይኔ!" ማለት ጀመረች።

"እናትህ ምን ሆኑ?" አሉ አያ እንድሪስ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው።

"እናንተ አይደላችሁ የምትነግሩኝ?"

"እኛማ የመጣነው በሰሊም ነው!"

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ለመግለጽ ቋንቋችን ገና አልበለጸገም። እናቴ በመትረፏ ልስቅ ነው፣ በሦስቱ ሽማግሌዎች ልጮህ ነው። እነሱ ግን ከእኔ የበለጠ ተቆጥተዋል።

"መርዶ እንዲያ ነው የሚረዳ?" አሉ ሸህ ይማም። "ሰው ተሰብስቦ፣ ምክር ተመክሮ፣ እናትን ግራና ቀኝ ይዟት በወጉ ይነገራል። አንተ ከአስር በኋላ፣ በሰው መሐል ቆመህ፣ እጅህን እያወናጨፍህ፣ 'ሞተ፣ አለቀ'? ማን አስተማረህ?"

"ሸህ፣ እንደዚህ ያለ ሰው እኮ የለም! የፈጠራ ነው፤ ተዋናይ የሚጫወተው!"

"ሐዋስ የለችም?" አሉ ጋሽ ካሳ።

ያን ጊዜ ሸህ ይማም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ሰይድ ወጥቶ የቀረበት ዕለትና ያ ልጅ ድልድይ ላይ የቀረበት ዕለት አንድ ነው። እትዬ ሐዋ "ያኛው ከወጣ የእኔም ይወጣል" ብለው በልባቸው ነይተው፣ እንደ ስለት ይዘውታል። ለማንም አልተነፈሱም፤ ሳለቅስ እንዳታዩኝ ብለው በየቀኑ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ትናንት ለሸሁ ሚስት ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ውሃ አልቀመሱም።

የሁለተኛ ዲግሪዬን ክብደት ለመጀመሪያ ጊዜ የለካሁት ያን ጠዋት ነው። ለዘመናት ተራኪና አድማጭ ስለሚያደርጉት ውል ስጽፍ ኖሬ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ ማን ለምን እንደተቀመጠ አላየሁም።

"ሬሳውን ያየ አለ?" አሉ ሸህ ይማም።

"የቱን ሬሳ?"

"የሰሊምን። መጽሐፉ ሬሳው ተገኘ ይላል?"

"አላስታውስም" አልሁ። እውነቴን ነበር።

"ሬሳ ካልተገኘ አልሞተም። ዛሬ ታወጣዋለህ።"

"እርስዎ የሃይማኖት ሰው ሆነው ዋሽ ይሉኛል?"

ሸህ ይማም ተነሥተው ጋቢያቸውን ለበሱ። "ዋሽ አላልሁህም፤ አስታውስ ነው ያልሁህ።"

ያን ከሰዓት ሰሊምን ከባሕር አወጣሁት። ያወጣሁበትን መንገድ በአደባባይ ለመናገር አፍራለሁ፤ በመመረቂያ ጽሑፌ "የድኩማን ደራስያን መሸሸጊያ" ብዬ ያዋረድሁት ዘዴ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ በመረቡ ያዘው። ሰሊም ተረፈ፤ ግን ራሱን ስለተመታ ማንነቱን ረሳ። ለሽማግሌው ሰፊ ነጭ ጢም ሰጠሁት። አያ እንድሪስ ሳይጠየቁ አንቺ ሆዬን አዜሙ።

እትዬ ሐዋ ከንፈራቸው ደርቋል። "ለእናቱ ለምን አልደወለም?" አሉ።

"ቁጥሯን ረስቶታል።"

"የእናት ቁጥር ይረሳል?"

ሰዉ ሁሉ እኔን አየ። ሥነ ጽሑፍ የሚባለው ነገር ሁሉ ከአእምሮዬ በኖ ጠፋ። "ቢያስታውሰውም ኔትወርክ የለም፣ እትዬ" አልሁ።

"እዚያም ተቋርጧል?"

"እዚያም ተቋርጧል።"

"እንዲያማ ከሆነ እንዴት ብሎ ይደውል" አሉ ለራሳቸው። ባለቤቴ ያቀረበችላቸውን የማሽላ ቂጣ ቆረሱ፤ ሲጎርሱም "አላህ ይስጠው ለዚያ ሽማግሌ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሰሊምን ከዓሣ አጥማጁ ቤት ለማውጣት አልደፈርሁም። ወደ እናቱ ብመልሰውና ሰይድ ቢቀርስ? ስለዚህ መረብ አስጠገንሁት። አንድ ክፍል ሙሉ መረብ ይጠግናል፤ በሚቀጥለው ክፍል የጠገነው ይበጠሳል። ለወራት እንዲህ ኖርን። በታሪክ ውስጥ ምንም ሳይደረግበት እንደዚያ የተከበረ ድራማ ያለ አይመስለኝም፤ አንዛዛኸው ያለኝም የለም።

ሰይድ የመጣው መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ነው፤ ከመብራቱ ቀድሞ። የመኪናውን ጥሩምባ ከዋናው መንገድ ጀምሮ እየነፋ ገባ። ሽንኩርቱን አዲስ አበባ አራግፎ፣ መመለሻ አጥቶ፣ እዚያው ሲንከራተት ከርሟል። እናቱ ሲያዩት የሆኑትን አልጽፍም፤ ይህ ወግ የተጀመረው ለመናቅ ነው።

መብራት የመጣ ቀን ግቢው እልል አለ። ዳንቴሉ ተነሣ፤ ሰዉ ቦታ ቦታውን ያዘ፤ እኔም በልማድ ተነሥቼ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆምሁ፤ "ገለል በል፣ ከለልኸን!" ተብዬ ተገፈተርሁ። ወደ ቡፌዬ ትይዩ ተመለስሁ። ሰሊም ግን የለም። ድራማው ካለቀ ቆይቷል፤ በሰዓቱ ሌላ ገብቷል። በአዲሱ ድራማ ነርሚን ነጭ ጋዋን ለብሳ ሐኪም ሆናለች፤ የሰሊምን ስም አንድ ጊዜም አንሥታ አታውቅም።

"ሰይድ፣ አዲስ አበባ መብራት ነበር አይደል?" አሉ አያ እንድሪስ። "መጨረሻውን አይተኸዋል?"

"የሰሊምን? ኧረ እሱማ ያን ዕለቱን ሞተ" አለ ሰይድ። "መኪናዋ ባሕር ገባች፣ በማግስቱ ተቀበረ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ለቅሶ ነው።"

ቤቱ ተናወጠ።

"ምን ያወራል ይሄ!"

"ዓሣ አጥማጁስ?"

"የምን ዓሣ አጥማጅ?" አለ ሰይድ።

"ባለ ነጭ ጢሙ ነዋ! በዚህ በሁለት ዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በዚሁ ቴሌቪዥን!" አለች ባለቤቴ፤ ማለችም።

"ሰማያዊ ሹራብ ነው የለበሰ" አሉ አያ እንድሪስ። እኔ ሹራብ አልብሼው አላውቅም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ በየተራ። በሕይወቴ ለአንድ ጊዜ ትክክል ነበርሁ። ሰሊም እኔ በገደልሁት አኳኋን ሞቷል፤ ሥነ ጽሑፋዊ ፍርዴ በባሕር ማዶ ባለሙያዎች ሳይቀር ጸድቋል። አፌን ከፈትሁ። ዓይኔ ግን ወደ ቡፌው መስታወት ሄደና፣ ሽማግሌው እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ መረቡን በግራ እጁ ይዞ፣ በሰማያዊ ሹራቡ ትዝ አለኝ። አጥርቼ አስታወስሁት።

"አይቼዋለሁ" አልሁ።

ሰይድ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቱን አየ። "እማ፣ ወላሂ ሞቷል! ሲቀበር አይቻለሁ እኮ!"

እትዬ ሐዋ ሪሞቱን አንሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት፤ ዳንቴሉንም መለሱበት።

"አንተ ልጅ" አሉት፤ "ሰሊም ሞቶ ቢሆን ኖሮ፣ አንተ አሁን እዚህ ምን ትሠራለህ?"